«ተጋብተናል፣ ተዋልደናል»፦ የራስ መንገሻ ዮሐንስ ቤት ታሪክ ምን ያስተምራል?

በኢትዮጵያ ፖለቲካ ክርክር በከረረ ቁጥር ከየአቅጣጫው የምትሰማ አንዲት አባባል አለች፦ «ተጋብተናል፣ ተዋልደናል»። አስታራቂ ሽማግሌ ይላታል፣ ባለሥልጣን ይላታል፣ ተቃዋሚም ይላታል። እውነትም ናት። ይሁን እንጂ መጋባትና መዋለድ ጦርነትን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ በዚህች አገር ብዙ ጦርነት ባልተካሄደ ነበር። ይህን ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ቤተሰብ ታሪክ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ቤት ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር ለሦስት ትውልድ ተጋብቷል፤ በነዚያው ሦስት ትውልዶች ውስጥም ሸፍቷል፣ ታስሯል፣ ተሰድዷል፣ ደሙንም አፍስሷል።

ታሪኩ ደግሞ በተደጋጋሚ የሚመለስበት አንድ ኮረብታ አለ፤ መቀሌን ቁልቁል የሚያየው እንዳ ኢየሱስ።

◆ ኮረብታው

«እንዳ» በትግርኛ የቤት ስም ነው። እንዳ ኢየሱስ ሲባል የኢየሱስ ቤት፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኑ ማለት ነው። ይኸው ቃል ለዘር ሐረግም ያገለግላል፤ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ለማለት።

በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኢጣሊያ ጦር መቀሌን ሲይዝ ምሽጉን የሠራው በዚህ ኮረብታ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነበር። በኅዳር መጨረሻ አምባላጌ ላይ የሻለቃ ቶዜሊ ጦር ሲደመሰስ የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ መቀሌ ገሰገሰና ምሽጉን ከበበ። ውስጥ የነበረው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ከ1,200 ሰው በላይ ሲሆን አብዛኛው ከባሕረ ምድር የተመለመለ አስካሪ ነበር። ከበባው በታኅሣሥ ተጀምሮ እስከ ጥር ዘለቀ። በፊት ለፊት ጥቃት የወደቀው የወገን ጦር ብዙ ነበር። ምሽጉን ያንበረከከው ግን መድፍ ሳይሆን ጥም ነው። ምንጩ ከምሽጉ ውጭ ስለነበረ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተያዘ፤ ጋሊያኖም በድርድር ለቆ ወጣ።

በዚያ ኮረብታ ሥር ጎን ለጎን ከተሰለፉት መኳንንት መካከል ሁለቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንዱ የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ናቸው። ሌላው የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ናቸው። የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ቤት ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመታት ያህል አንዴ ሲጋባ አንዴ ሲፋለም ኖሯል።

◆ ዘግይቶ የታወቀ ልጅ

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሲነግሡ ወራሻቸው ማን እንደሆነ የሚያጠራጥር አልነበረም፤ ልጃቸው አርአያ ሥላሴ ነበሩ። የሸዋው ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ አጠገብ ድንጋይ ተሸክመው ለዮሐንስ ሲገብሩ ዮሐንስ የሸዋን ንጉሥነት አጽድቀው ዘውድ ደፉላቸው። እርቁንም በጋብቻ አተሙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። ሙሽሪት ገና የስድስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች፤ ሙሽራውም ጎረምሳ እንኳ በቅጡ አልሆኑም። ያ ሠርግ የሁለት ሰዎች ትዳር ሳይሆን የሁለት መንግሥታት ውል ነበር።

አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. መቀሌ ላይ በፈንጣጣ ሞቱ። በዚያን ጊዜ ዮሐንስና ምኒልክ ሊዋጉ ተቃርበው ነበር፤ የሸዋው ንጉሥ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተማክረዋል የሚባልበት ወቅት ነው። ያም ሆኖ ዮሐንስ ዘውዲቱን በብዙ የከብት ስጦታ አክብረው ወደ አባቷ ሰደዷት። የግል ክብሩና ወጉ አልጎደለም። ፖለቲካው ግን ያ ሁሉ ወግ እያለ ፈርሷል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ። በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው ልጅ ተብለው ይታወቁ የነበሩትን መንገሻን «ልጄ ነው» ብለው ተናዘዙ፤ ወራሽም አደረጓቸው። ከተናዘዙላቸው መካከል ራስ አሉላ እስከ መጨረሻው በዚያ ቃል ጸኑ።

ነገር ግን በሞት አልጋ የተነገረ ኑዛዜ ሠራዊት አይሆንም። የሰሜኑ ጦር ተበትኗል፣ የንጉሡ አስከሬን ሳይቀር በጠላት እጅ ወድቋል፣ አገሩን ድርቅና የከብት እልቂት መትቶታል። ምኒልክ ወዲያውኑ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ፤ በሚያዝያ 25 ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ። ለመንገሻ የቀራቸው ትግራይና የአባታቸው ስም ብቻ ነበር።

◆ ሁለት ድንጋዮች

ራስ መንገሻ በዚያን ጊዜ በሁለት እሳት መካከል ነበሩ። በሰሜን ኢጣሊያ ከምጽዋ ተነሥታ ደጋውን ይዛ መረብ ደርሳለች። በደቡብ ምኒልክ ግብር ይጠብቃሉ። መንገሻ በ1884 ዓ.ም. መረብ አጠገብ ከኢጣሊያኖች ጋር ተገናኝተው የወዳጅነት ቃል ተለዋወጡ። ኢጣሊያ ግን በመንገሻና በምኒልክ መካከል እየተንሸራሸረች የሁለቱንም እምነት አጣች።

በመጨረሻ መንገሻ ወገናቸውን መረጡ። በ1886 ዓ.ም. ከራስ አሉላና ከሌሎች የትግራይ መኳንንት ጋር ወደ አዲስ አበባ ወርደው በወጉ መሠረት ድንጋይ ተሸክመው ለምኒልክ ገበሩ።

የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ16 ዓመት በፊት ምኒልክ ለመንገሻ አባት ድንጋይ ተሸክመው ነበር፤ ከልቼም የሄዱት የንጉሥነት ዘውድ ይዘው ነው። መንገሻም እንደዚያው የትግራይ ንጉሥ እባላለሁ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ዘውዱ ግን አልተደፋላቸውም። ምኒልክ ምክንያት ነበራቸው። ንጉሥ ሆኖ ገባሪ መሆን ምን እንደሚያስከትል ከራሳቸው ታሪክ የሚያውቅ እሳቸው ናቸው፤ ለዮሐንስ ልጅ ዘውድ መስጠት ተፎካካሪ ማንገሥ ይሆንባቸዋል። መንገሻም ምክንያት ነበራቸው። ለምኒልክ የተገባው ወግ ለእኔ ስለምን ይቀራል ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ስሌት ትክክል ነበሩ፤ ጥያቄው ሳይፈታ የቀረውም ስለዚህ ነው።

ቢሆንም መንገሻ ቃላቸውን ጠበቁ። በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ባሕታ ሐጎስ አካለ ጉዛይ ላይ በኢጣሊያ ላይ ተነሥቶ ሲገደል የመጀመሪያውን ግጥሚያ የተቀበሉት እሳቸው ነበሩ። በጥር ወር ኮአቲትና ሰንዓፈ ላይ በጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ተሸንፈው ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። የኢጣሊያ ጦር ትግራይን የገባው እሳቸውን እየተከተለ ነው። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ክተት ታውጆ የማዕከሉ ሠራዊት ሲመጣ ከአምባላጌ እስከ እንዳ ኢየሱስ፣ ከእንዳ ኢየሱስ እስከ ዓድዋ አብረው ዘመቱ።

◆ ከድል በኋላ

ዓድዋ ለኢትዮጵያ ነጻነትን አስከበረ። ለመንገሻ ግን ሁለት ጥያቄ ጥሎ አለፈ። የመጀመሪያው መሬት ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ከመረብ ማዶ ያለው አገር በኢጣሊያ እጅ ቀረ፤ ያ አገር ደግሞ ራስ አሉላ በአፄ ዮሐንስ ስም ያስተዳድሩት የነበረ ነው። ሁለተኛው ማዕረግ ነው። ንጉሥነቱ ከድሉ በኋላም አልመጣም።

በዘውዱ ፋንታ የመጣው ጋብቻ ነው። መንገሻ የእቴጌ ጣይቱን ወንድም የራስ ወሌን ልጅ ወይዘሮ ከፈይን አገቡ። የእቴጌይቱ ፖለቲካ ይኸው ነበር፤ ታላላቆቹን ቤቶች በወንድሟ ልጆች በኩል ማሰር። የከፈይ ወንድም ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ በኋላ ዘውዲቱን አገቡ፤ ያችኑ በልጅነቷ የመቀሌ ሙሽራ የነበረችውን።

ጋብቻው አክብሮት ነበረው፤ ለመሬቱና ለማዕረጉ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። በየካቲት 1889 ዓ.ም. ራስ አሉላ ከተንቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተዋግተው በቁስሉ ሞቱ፤ የመንገሻ ዋና ክንድ ተቆረጠ። መንገሻ በ1891 ዓ.ም. ሸፈቱ። ሊያስገብሯቸው የተላኩት ከሦስት ዓመት በፊት በእንዳ ኢየሱስ ሥር አብረዋቸው የተሰለፉት ራስ መኮንን ነበሩ። መንገሻ እጃቸውን ሰጡ፤ አንኮበር ላይ ታሰሩ፤ ከሰባት ዓመት ያህል ግዞት በኋላ እዚያው ሞቱ። የእቴጌይቱ ወንድም አማች መሆናቸው ከሰንሰለቱ አላዳናቸውም።

ይህም ሆኖ ጋብቻው አልቆመም። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ የመንገሻንና የከፈይን ልጅ አገቡ። በዓመቱ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ ያ ጋብቻ ፈረሰና ኢያሱ የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ አገቡ። ሙሽሪት በፖለቲካ መጣች፣ በፖለቲካ ሄደች።

◆ ሁለት ቅርንጫፎች፣ ሁለት ሠርጎች

ከአፄ ዮሐንስ ዘር ሁለት ቅርንጫፎች ወጡ። አንዱ ከአርአያ ሥላሴ ልጅ ከራስ ጉግሣ አርአያ የሚመጣው ነው። እኚህ የዘውዲቱ ልጅ አይደሉም፤ ከሌላ እናት የተወለዱ ናቸው። ሌላው ከመንገሻ ልጅ ከራስ ሥዩም የሚመጣው ነው። ትግራይም ለሁለት ተከፈለች። መቀሌን ማዕከል ያደረገው ክፍል ለጉግሣ፣ ዓድዋን ማዕከል ያደረገው ለሥዩም ሆነ። ክፍፍሉ ለአዲስ አበባ ይመቻል፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ሁለቱም ወደ ቤተ መንግሥቱ ያያሉ።

በ1924 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የራስ መኮንን ልጅ፣ ሁለቱንም ቅርንጫፎች በአንድ ዓመት በጋብቻ አሰሩ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የራስ ሥዩምን ልጅ ልዕልት ወለተ እስራኤልን አገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅ ደግሞ ለራስ ጉግሣ ልጅ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩና መቀሌ ገቡ። በእንዳ ኢየሱስ ሥር የተገናኙት የሁለቱ ራሶች የልጅ ልጆች ባልና ሚስት ሆኑ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ መተሳሰር አይገኝም።

ራስ ጉግሣ በዚያው ዓመት አረፉ። ልዕልት ዘነበ ወርቅም በትዳር ብዙ ሳይቆዩ መቀሌ ላይ በአፍላ ዕድሜያቸው ሞቱ። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ የአባታቸውን የራስነት ማዕረግ አላገኙም፤ ከራስ ሥዩም ጋር ያለው የቆየ ፉክክርም አልበረደም። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ስትሻገር ሳምንት ያህል ብቻ ቆይተው፣ 1,200 ያህል ሰው ይዘው ወደ ጠላት ገቡ። በጥቅምት 28 የኢጣሊያ ጦር መቀሌን ሲይዝ አብረውት ነበሩ። የመተማው ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች፣ አያቶቻቸው ጋሊያኖን በውኃ ጥም ወዳስወጡባት ከተማ ከኢጣሊያኖች ጋር ተመልሰው ገቡ። ከነጻነት በኋላ ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም ወደ እስራት ተለወጠ።

ራስ ሥዩም ግን በተንቤን ጦር ሜዳ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተዋጉ፤ ከሽንፈቱ በኋላ ለኢጣሊያ ገቡ። የአንድ አያት ልጆች፣ የአንድ ንጉሠ ነገሥት አማቾች በአንድ ጦርነት በተቃራኒ ጎራ ቆሙ። ይህን ለ«ከዳተኛ ደም» መስጠት ቀላል ነው፤ ግን ደማቸው አንድ ነው። የለያቸው ደም ሳይሆን ሥልጣን የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ክህደቱን ግን ይህ አያጥበውም፤ ማዕረግ ያጣ ሁሉ ለጠላት አልገባምና።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልነበረም። በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ አውሮፓን ባነደደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅና የጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች ነበሩ፤ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሚስትም እንዲሁ። የአጎትና የአክስት ልጆች መሆናቸው አንድ ጥይት አላስቀረም።

◆ ኮረብታው ለሁለተኛ ጊዜ

ከነጻነት በኋላ የትግራይ ገበሬ ስለ መኳንንቱ ሠርግ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። የእሱ ጥያቄ ግብር፣ የሹማምንት በደልና የወታደር ዝርፊያ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ የቀዳማይ ወያነ ዐመፅ ፈነዳ። በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ የሚመሩት ዐመፀኞች ኲሓን ይዘው ወደ መቀሌ ዘለቁ፤ እንዳ ኢየሱስ ላይ የነበረውን የመንግሥት ምሽግም ያዙ። በ47 ዓመት ልዩነት ያ ኮረብታ ለሁለተኛ ጊዜ ተከበበ። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ከበባውም ምሽጉም የኢትዮጵያውያን መሆኑ ነው።

ዐመፁ የተሰበረው በአምባላጌ ግንባር በተደረገ ውጊያና ከኤደን ተነሥተው መቀሌን በደበደቡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው መፍትሔ ግን የተለመደው ነበር። ራስ ሥዩም ወደ ትግራይ ገዥነት ተመለሱ፤ በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው መንገሻ ሥዩም የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን አገቡ። የገበሬው ጥያቄ በሠርግ ተመለሰ።

ራስ ሥዩም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተረሸኑ። ልጃቸው ልዑል ራስ መንገሻ ትግራይን እስከ 1967 ዓ.ም. አስተዳድረው ደርግን ሽሽት በረሃ ገቡ፤ ኢዲዩንም መሠረቱ። ባለቤታቸው ልዕልት አይዳ ለ14 ዓመታት ያህል ታሰሩ። የአልጋ ወራሹና የወለተ እስራኤል ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ፣ የሁለቱም ቤቶች ደም ያላቸው፣ በደርግ እስር ላይ ሳሉ ሞቱ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ የሠሩ አንድ ሰው መጥቀስ ተገቢ ነው። ወለተ እስራኤል ከአልጋ ወራሹ በፊት ከደጃዝማች ገብረ ሥላሴ ባርያ ጋብር የወለዷቸው ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ የአያታቸውን አያት የአፄ ዮሐንስን የፖለቲካ ታሪክ ጽፈው በኦክስፎርድ አሳተሙ። ከቤቱ ያ መጽሐፍ ከማንኛውም ሠርግ በላይ ቆይቷል።

◆ ታዲያ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ጋብቻ ለመስማማት ምክንያት ይሆናል፤ ስምምነት ግን አይደለም። ከ1870ዎቹ እስከ 1941 ዓ.ም. በሁለቱ ቤቶች መካከል የተደገሱት ሠርጎች አንዳቸውም ለሦስቱ እውነተኛ ጥያቄዎች መልስ አልያዙም፦ ትግራይን ማን ይሾማል? ግብሩ ለማን ነው? የማዕከሉ ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል? ጥያቄዎቹ በድግሱ ጫጫታ ተሸፍነው አደሩ፤ በማግስቱ ግን እዚያው ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ዝምድና ላይ የቆመ ፖለቲካ በሰው ሞት ይፈርሳል። አርአያ ሥላሴ በፈንጣጣ ሲሞቱ የሰሜኑና የሸዋው ውል አብሮ ሞተ። ዘነበ ወርቅ ሲሞቱ የመቀሌው ገመድ ላላ። ተጽፎ የተቀመጠ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ግን በአንድ ሰው ትኩሳት አይሞትም።

ሦስተኛ፣ የመኳንንቱ ጋብቻ ሕዝቡን አልጠየቀም። የ1935ቱ ዐመፅ ያስተማረው ይህን ነው፤ ላይ ያሉት ቢዛመዱም ታች ያለው ካልተደመጠ ምሽጉ ይከበባል።

ዛሬ እንዳ ኢየሱስ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ራስ ሥዩም የተገደሉበት ገነተ ልዑልም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ሆኗል። ሁለቱም የምሽግና የቤተ መንግሥት ቦታዎች የትምህርት ቤት ሆነዋል፤ ሆኖም ያ ጥያቄ ትምህርቱን አልጨረሰም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ሲያበቃ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው በሠርግ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። ያ ስምምነት ምንም ጉድለት ቢኖርበት አንድ ብልጫ አለው፤ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመ ተብሎ አንቀጽ በአንቀጽ ሊጠየቅበት ይችላል። የልቼው ድንጋይና የመቀሌው ሠርግ እንዲህ የሚጠየቁበት አንቀጽ አልነበራቸውም።

ስለዚህ «ተጋብተናል፣ ተዋልደናል» የሚል ሲነሣ ማስተባበል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ከተጋባን በኋላስ፣ በምን ተስማማን?